ዲኤክሷ ቤንዚን በዛባት፣ ዳገት ላይም ታንኳኳለች፦ ዲስትሪቢዩተሩን ከማዞርዎ በፊት

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1981 ሞዴል ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ፤ ሞተሯ 4ኬ፣ ፑንቲና ያለው ነው። ሸዋ ሮቢት ዕቃ እየጫንኩ እመላለሳለሁ። በፊት በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄድልኝ ነበር፤ አሁን 8 ወይ 9 ብትሄድ ነው። ጭሷ ጠቆር ይላል፣ ካንዴላዎቹም ጥላሸት ይይዛሉ። አንዱ ሜካኒክ ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ አዞረና ‹አስቀድሜልሃለሁ፣ ነዳጅ ትቆጥባለች› አለኝ። እውነትም ጉልበት አገኘች፤ ግን ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ዳገቱ ላይ ቻ ቻ ቻ ትላለች፣ ትሞቃለችም። ሌላው ‹ጄቷ ውስጥ ሽቦ እናስገባ፣ ቴርሞስታቱንም እናውጣው› ይላል። ሦስተኛው ኮምፕሬሽን ለካና ‹ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ› አለ። የቱን ልስማ?»

ሦስቱንም አይስሙ። የመጀመሪያው ሜካኒክ ግማሽ እውነት ይዟል፣ ነገር ግን ያዞረው በመለኪያ ሳይሆን በጆሮው ነው። የሁለተኛው ምክር ቤንዚን ቆጥቦ ቫልቭ ያስገዛል። ሦስተኛው ኮምፕሬሽኑን (ፒስቶኑ ሲሊንደር ውስጥ የሚፈጥረውን ግፊት) የለካው ደብረ ብርሃን ላይ ቆሞ መሆኑን ረስቷል። ከጠቆረው ጭስና ከጥላሸታሙ ካንዴላ ተነስተን ስናየው፣ ቤንዚኑን በዋናነት የሚበላው ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ነው፤ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የዲስትሪቢዩተሩ (እሳት ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ቫኪዩም ማስቀደሚያ ነው። እርስዎ ያስነኩት የታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) መነሻ ግን ከቫልቭ ክፍተትና ከፑንቲናው በኋላ የሚስተካከል ነገር ነው።

«ማስቀደም ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው አባባል እስከ አንድ ነጥብ ድረስ ብቻ እውነት ነው። ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ሳይደርስ ነው፤ ምክንያቱም አየርና ቤንዚኑ ተቀጣጥሎ ሙሉ ግፊት እስኪፈጥር ጊዜ ይፈጃል። ግፊቱ ከፍ ማለት ያለበት ፒስቶኑ ጫፉን አልፎ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ሲወርድ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር በአንድ ሺህኛ ሰከንድ 18 ዲግሪ ያልፋል፤ ስለዚህ ጥቂት ዲግሪ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እሳቱ ከዘገየ ነዳጁ ፒስቶን በመግፋት ፋንታ በጭስ ማውጫው ነድዶ ይወጣል፤ መኪናዋ ትፈዛለች፣ ማርሚታው ይግላል፣ ውሃውም ይሞቃል። እሳቱ ከሚገባው በላይ ከቀደመ ደግሞ ግፊቱ ገና እየወጣ ያለውን ፒስቶን አናቱን ይመታዋል፤ ያልነደደው ቀሪ ጋዝም በሙቀትና በግፊት በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። እርስዎ የሚሰሙት ቻ ቻ ቻ ይኸው ነው፣ በጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ። ይህ ድምፅ ባለበት ሁሉ ቁጠባ የለም፤ ሲቆይ የፒስቶን ፋሻ መቀመጫ ይሰብራል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል፣ ሲብስም ፒስቶን ይበሳል።

ታይሚንግ አንድ ነገር ሳይሆን የሦስት ነገሮች ድምር ነው። መነሻው ዲስትሪቢዩተሩን አዙረው የሚያስሩት ነው። ሁለተኛው ከፑንቲናው (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን ከሚያስነሳው መገናኛ) ሰሌዳ ሥር ያሉት ሁለት ክብደቶችና ሞላዎቻቸው ናቸው፤ የሞተሩ ዙር በጨመረ ቁጥር ተወርውረው እሳቱን ያስቀድማሉ። ሦስተኛው ከጎን ያለችው ክብ ጣሳ፣ ማለትም የቫኪዩም ማስቀደሚያዋ ናት፤ ውስጧ ዲያፍራም (ስስ ላስቲክ) አለ፣ በቀጭን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ጋር ትገናኛለች፣ የምትሠራውም በቫኪዩም፣ ማለትም ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው መሳብ ነው። ነዳጅ በመቆጠብ ረገድ ከሦስቱ ትልቁን ሥራ የምትሠራው ይህች ጣሳ ናት። ነዳጅ መስጫውን በትንሹ ረግጠው ሜዳ ላይ ሲሄዱ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ድብልቅ ጥቂት ነው፣ ጥቂት ድብልቅ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚነድደው። ጣሳዋ ይህን አይታ እሳቱን በብዙ ዲግሪ ታስቀድማለች፤ ዳገት ላይ ሲረግጡ መልሳ ትለቀዋለች። ዲያፍራሟ ከተቀደደ ግን መነሻው ልክ ሆኖ እንኳ መኪናዋ ሜዳ ላይ ነዳጅ ትበላለች። ሜካኒኩ ጉድለቱን ለመሸፈን መነሻውን ሲያስቀድም ሜዳው ላይ ትሻላለች፣ ዳገቱ ላይ ግን ታንኳኳለች። የእርስዎ ታሪክ ቁርጥ ይህንኑ ይመስላል።

ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ይክፈቱ፣ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ በኩል ይንቀሉ፣ ጫፉን ጠርገው በአፍዎ ይሳቡና በምላስዎ ይድፈኑት። የፑንቲናው ሰሌዳ መንቀሳቀስ፣ ከተንቀሳቀሰበትም ሳይመለስ መቆየት አለበት። ወዲያው ከተመለሰ ዲያፍራሙ ወይም ቱቦው ቀዳዳ አለው፤ ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ሰሌዳው ዝጎ ተጣብቋል። የክብደቶቹን ጤንነት ለማወቅ ደግሞ ሮተሩን በሚዞርበት አቅጣጫ በጣትዎ ጠምዝዘው ይልቀቁት፤ ሞላው ቀጭ አድርጎ መመለስ አለበት። ተንቀርፎ የሚመለስ ወይም ባለበት የሚቀር ከሆነ ሥሩ ደርቋል፤ ይፈታ፣ ይታጠብ፣ በስሱ ዘይት ይቀባ። ከሌላ ዲስትሪቢዩተር የወለቀ ሞላ መግጠም አይገባም፤ ውፍረቱ በዓይን አንድ ቢመስልም ክብደቶቹን የሚለቅበት ዙር ይለያያል።

አሁን ወደ ከፍታው። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባህር ወለል ካለው 71 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ግፊቱ 86 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። በመካከል ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እንግዲህ አንድ ቀን ውስጥ መኪናዋን ሦስት የተለያየ አየር ያስተነፍሷታል፤ ባለ ኮምፒውተር መኪና ይህን በራሱ ያስተካክላል፣ ዲኤክስ ግን አታውቀውም።

አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። ለባህር ወለል የተለካ ካርቡሬተር ደብረ ብርሃን ላይ ከሚገባው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚበልጥ ቤንዚን ይሰጣል። ይህ ብልሽት ሳይሆን የአሠራሩ ባሕርይ ነው። በዚህ ላይ ሞተሩ ሲጫን ተጨማሪ ቤንዚን የሚለቀው የካርቡሬተሩ ፓወር ቫልቭ አለ፤ ፒስቶኗን ወደ ላይ ስቦ ዘግቶ የሚይዘው የሞተሩ ቫኪዩም ነው፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ቫኪዩሙ ራሱ ደካማ ነው። በባህር ወለል ከ430 እስከ 530 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ በሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ባለው ዙር) ከ200 እስከ 300 ቢያሳይ አይደንግጡ። ቫኪዩሙ ሲደክም ፓወር ቫልቩ ቶሎ ይከፈታል፣ ያቺ ማስቀደሚያ ጣሳም በቂ ጉልበት አታገኝም። ስለዚህ በከፍታ ላይ መነሻውን ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ምክንያት አለው፤ የመጀመሪያው ሜካኒክ ግማሽ እውነት ይህ ነው። በሳሳ አየር የሲሊንደሩ ግፊት ስለሚቀንስም ማንኳኳቱ ዘግይቶ ይመጣል። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ዝም ያለው ሞተር ሸዋ ሮቢት ሙቀትና ወፍራም አየር ውስጥ ገብቶ፣ ተጭኖ፣ በሁለተኛ ማርሽ ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ ያንኳኳል። ስለዚህ ታይሚንጉ የሚለካው ደብረ ብርሃን ቢሆንም ልክነቱ የሚፈረደው ከሸዋ ሮቢት በሚወጣው ዳገት ላይ ነው።

ኮምፕሬሽኑም በዚሁ ሚዛን ይታያል። በባህር ወለል 12 ባር የሚያሳይ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 8.5 ገደማ ነው የሚያሳየው። ሜካኒኩ መጽሐፍ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አነጻጽሮ «አልቋል» ብሎ ከሆነ ሞተሩን በከንቱ ያስወርድዎታል። ድጋሚ ይለካ፦ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወልቆ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ። መታየት ያለበት አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ የሚለያዩበት መጠን ነው፤ ልዩነቱ ከ1 ባር ካልበለጠ ሞተሩ ይቀመጥ። አንዱ ብቻ ከወረደ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሰው ይድገሙት። ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ካላለ ቫልቭ ነው።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አንዱን ሲያቀኑ ሌላው ይጠማል። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተት ነው፤ ሞተሩ ሙቅ ሳለ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር። የጠበበ የማስወጫ ቫልቭ አይዘጋም፣ ጋዝ ያሾልካል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። እንዲህ ያለውን ሞተር ታይሚንግ አያድነውም።

ከዚያ ፑንቲናው። የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ጥርስ የፑንቲናውን ተረከዝ ጫፉ ላይ ሲገፋ ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የድዌል (ፑንቲናው ተዘግቶ የሚቆይበት ዲግሪ) መለኪያ ካለ 52 ዲግሪ። ብዙ ሰው ታይሚንጉን አስሮ ሲያበቃ ነው ፑንቲናውን የሚነካው፤ ልክ አይደለም። ድዌሉ በ1 ዲግሪ ሲቀየር ታይሚንጉም በ1 ዲግሪ ይቀየራል። ክፍተቱ ከሰፋ እሳቱ ይቀድማል፣ ከጠበበ ይዘገያል። ተረከዙ በጊዜ ብዛት ስለሚያልቅ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ማንም ሳይነካው መኪና «የሚፈዘው» በዚህ ነው። በዘንጉ ጥርስ ላይ የክብሪት አናት የምታክል ግሪስ ይቀቡ፣ ከዚያ አይብዛ፤ ከበዛ ተረጭቶ ፑንቲናውን ያቃጥላል። የፑንቲናው ፊት አንዱ ጉብታ፣ ሌላው ጉድጓድ ካወጣ ኮንዴንሰሩም አብሮ ይቀየር። የካንዴላው ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ዘንጉን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ጎን ያነቃንቁት። የሚሰማ ልቅነት ካለ ቡሹ አልቋል፤ ክፍተቱ በየዙሩ ይለያያል፣ ታይሚንግ ላይት (እሳቱ በተሰጠ ቅጽበት ብልጭ የሚል መለኪያ መብራት) ሲያበሩም ምልክቱ እንደ ሰከረ ወዲያና ወዲህ ይላል። እንዲህ ያለ ዲስትሪቢዩተር በማዞር አይስተካከልም፤ ቡሹ በቶርኖ ቤት ይሠራለት ወይም ሙሉው ይቀየር። ፑንቲናውን አውጥቶ ኤሌክትሮኒክ ማስገባት ጥሩ ነገር ነው፣ ተረከዝ የሚባል የሚያልቅ ነገር አይኖርምና። ይሁን እንጂ ያለቀ ቡሽን፣ የተቀደደ ዲያፍራምንና የደረቀ ክብደትን አይፈውስም። አሁን ባለው ሁኔታ ገንዘቡን እዚያ ላይ ባያጠፉ ይሻላል።

ታይሚንጉ አሁን ይምጣ። አንደኛው ሲሊንደር በራዲያተሩ በኩል ያለው ነው፣ የእሳቱ ተራ 1-3-4-2። የክራንኩን ፑሊ ምልክትና የሽፋኑን መስመሮች በነዳጅ አጥበው በጠመኔ ያቅልሟቸው፤ ካላቀለሟቸው አይታዩም። ሞተሩን በደንብ ያሙቁ፣ የቫኪዩሙን ቱቦ ነቅለው በብሎን ይድፈኑት፣ ሚኒሞውን ወደ 750 ያውርዱ። ዙሩ ከዚህ ከበለጠ ክብደቶቹ መወርወር ይጀምሩና የሚያነቡት ቁጥር ውሸት ይሆናል። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ ካለ እሱን ይከተሉ፤ ከጠፋ ለእርስዎ ሞተር 8 ዲግሪ መነሻ ይሁን።

ታይሚንግ ላይት ከሌለ በ12 ቮልት አምፖል ይሠራል። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ በሚሄደው መስመር ላይ፣ ሌላውን ቦዲ ላይ ያሳርፉ። ቁልፉን ይክፈቱ፣ ሞተሩን አያስነሱ። ካንዴላዎቹን አውልቀው ፑሊውን በመፍቻ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ እያዞሩ በአንደኛው ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ላይ ምልክቱን 8 ላይ ያድርሱት። ካለፈብዎ ወደ ኋላ ጎትተው ምልክቱ ላይ አያቁሙት፤ ሩብ ዙር ያህል መልሰው እንደገና ወደፊት ይምጡ፣ አለበለዚያ የጥርሶቹ ልቅነት ልኩን ያዛባል። ዲስትሪቢዩተሩን ፈታ አድርገው ሲያዞሩት አምፖሉ ቦግ የሚልባት ቅጽበት ፑንቲናው የተከፈተባት ናት። እዚያ ላይ ይሰር። ቁልፉን ግን ከፍተው አይተዉት፤ ፑንቲናው ዝግ ሆኖ ከቆየ ቦቢናው ይግላል። የፑሊው መስመሮች ተበልተው ከሆነም ይህን ያስሉ፦ ዲያሜትሩ 13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፑሊ ዙሪያው 408 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስለዚህ 1 ዲግሪ ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ 8 ዲግሪ ማለት ከላይኛው ጫፍ ምልክት 9 ሚሊ ሜትር ቀደም ብሎ ማለት ነው።

የዲስትሪቢዩተሩ ሥሌት ግን ሌላ ነው፣ ሜካኒኮች የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። ዲስትሪቢዩተር የሚዞረው በክራንኩ ግማሽ ፍጥነት ነው፤ አካሉን 1 ዲግሪ ሲያዞሩት ታይሚንጉ 2 ዲግሪ ይቀየራል። የአካሉ ስፋት 7 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጠርዙ በ1 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ ከ3 ዲግሪ በላይ ያስቀድማል። «ትንሽ» ብሎ የጣት ጥፍር ስፋት ያዞረ ሰው ከ30 ዲግሪ በላይ አዙሯል ማለት ነው። ስለዚህ ከመፍታትዎ በፊት በምስማር ጫፍ ከአካሉ ወደ ሞተሩ የሚሻገር አንዲት ቀጭን መስመር ይጫሩ። ያቺ ጭረት መመለሻዎ ናት፤ አንድ ፀጉር ስትለያይ ይታያል። አቅጣጫውን ለማወቅ ክዳኑን ከፍተው ሰው ያስነሳልዎትና ሮተሩ ወዴት እንደሚዞር ይዩ፦ አካሉን ሮተሩ በሚዞርበት በተቃራኒ ማዞር ያስቀድማል፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ማዞር ያዘገያል።

ከዚህ በኋላ ካርቡሬተሩ፤ ከሁሉም በላይ የነዳጁ ነገር የሚፈታው እዚህ ነው። አየር ማጣሪያውን አውጥተው ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ፤ የጧት ማስነሻው ክንፍ ሞተሩ ሲሞቅ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ደብረ ብርሃን ውርጭ በሚያወርድበት ከኅዳር እስከ ጥር ብዙ ሰው ገመዱን ስቦ ይረሳዋል፣ ገመዱ ራሱም ዝጎ በግማሽ ይቀራል። ማጣሪያው ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ሰላ ድንጋይ በአቧራ የሚሄድ መኪና ላይ ቶሎ ይታፈናል። የተንሳፋፊው ደረጃ በመስታወቷ ላይ ካለው መስመር በላይ ከሆነ መርፌዋና መቀመጫዋ አልቀዋል። ፓወር ቫልቩም ተጣብቆ ክፍት ሊቀር ይችላል፤ ፒስቶኗ በነጻነት ወደ ላይና ወደ ታች መንሸራተቷን ይመልከቱ። በዚህ ሞተር ላይ ካርቡሬተሩና የጭስ ማውጫው መሰብሰቢያ በአንድ በኩል ናቸውና ሞተሩ ሙቅ ሳለ የተንሳፋፊውን ክፍል አይክፈቱ፤ የሚንጠባጠበው ቤንዚን የሚያርፈው የጋለ ብረት ላይ ነው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ጭሱ ካልነጣ ጄት (ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን) ወደ መቀየር ይሂዱ። በጄቷ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው። በሥሌት ለደብረ ብርሃን ብቻ ቢሆን 100 የነበረችው ወደ 93 መውረድ ትችል ነበር። እርስዎ ግን ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳሉ፣ እዚያ ያው ጄት 7 በመቶ ያህል ትሳሳለች፤ ስለዚህ ከ5 በመቶ በላይ አይቀንሱ፣ የሚቀንሱትም የመጀመሪያውን በር ጄት ብቻ ነው። ሁለተኛው በር በዳገት ላይ የሚከፈት ስለሆነ አይነካ። ጄት ውስጥ የመዳብ ሽቦ ማስገባት ስንት በመቶ እንደቀነሱ ሳያውቁ መቀነስ ነው፤ ሽቦው ይንቀሳቀሳል፣ የነዳጁን ፍሰት ያውካል፣ ድብልቁን ያሳሳል። የሳሳ ድብልቅ ቀስ ብሎ ይነድዳል፣ ይግላል፣ ሙቀቱም የማስወጫ ቫልቭ ይበላል። ሽቦ ካለ ይውጣ። የሚኒሞውን የድብልቅ ብሎን ሞተሩ ከፍተኛ ዙር እስኪያገኝ ያዙሩ፣ ዙሩን ወደ 750 ይመልሱ፣ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይድገሙት፤ ከዚያ ድብልቁን ዙሩ ትንሽ መውደቅ እስኪጀምር ይዝጉት።

ቴርሞስታቱ ወልቆ ከሆነ ይመለስ። በ82 ዲግሪ የሚከፈት ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደብረ ብርሃን ብርድ ግማሽ መንገድ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሄዳል፤ ቤንዚኑ ሳይተን እርጥቡን ይገባል፣ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ፍጆታውም ይጨምራል። ዳገት ላይ የሚሞቀውን በተመለከተ ከቀደመው ታይሚንግ ሌላ የራዲያተሩን ክዳን ይጠርጥሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጣርማበር ላይ ደግሞ 90 ገደማ። ግፊት የማይዝ ክዳን ካለ ጤነኛ ሞተር እንኳ አናቱ ላይ ይፈላል፤ 0.9 የሚል ጤነኛ ክዳን ግን የመፍያውን ነጥብ ወደ 113 ያደርሰዋል።

አሁን ዳገቱ። መጀመሪያ ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳማ መንገድ በአራተኛ ማርሽ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ሆነው ሙሉ ይርገጡ። ከ8 ዲግሪ ተነስተው በየ2 ዲግሪው እያስቀደሙ ይሞክሩ፣ በድምሩ ግን ከ4 ዲግሪ አይለፉ፤ ማለትም 12 ጣሪያው ነው። ሲረግጡ ለአንድ ሁለት ሰከንድ በስሱ ተሰምቶ የሚጠፋ ድምፅ ይታገሱታል። ከዚያ እንደ ወትሮው ጭነው ሸዋ ሮቢት ይውረዱ፣ በቀን ሙቀት ይመለሱ። ዳገቱ ላይ ከሁለት ሰከንድ በላይ ካንኳኳ 2 ዲግሪ ያዘግዩ፣ አሁንም ካንኳኳ ሌላ 2። በዚህ ምክንያት ደብረ ብርሃን ላይ ጥቂት ጉልበት ቢያጡ ኪሳራ አይደለም፤ ፒስቶኑ ይተርፋል። በከፍተኛ ፍጥነት የሚመጣ ማንኳኳት በነፋስና በጎማ ድምፅ ስለሚዋጥ ጆሮ አይበቃም፤ ከዳገቱ በኋላ ካንዴላ አውልቀው ነጩን ሸክላ ይዩ። ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ወይም የሚያብለጨልጭ ብረት ነገር ያረፈበት ከመሰለ ሞተሩ ሳይሰሙት ሲያንኳኳ ነበር።

ማንኳኳቱ አንድ ቀን በድንገት ከጀመረ ግን ዲስትሪቢዩተሩን አይንኩ፤ ቤንዚኑን ይጠርጥሩ። በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል፣ ነጭ ጋዝ ደግሞ የማንኳኳት መከላከያውን ያወርደዋል። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ይጣሉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ጋዝ ያለበት ቅባት ያለው ክብ ምልክት ይተዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሳይጠይቁኝ፦ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ ቤንዚን ይቆጥባል ተብሎ ይነገራል። የሚቆጠበው ጠብታ ነው፤ ፍሬኑ ግን ያን ሁሉ ቁልቁለት ብቻውን ተሸክሞ ይግላል፣ ከጋለ በኋላ አይዝም። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ የፍሬኑን ረዳት ቫኪዩም ጭምር ይዘጋል። በወጡበት ማርሽ ይውረዱ።

የሚጠብቁትን ውጤት በልክ ያድርጉት። ዲያፍራሙ ተቀይሮ፣ ካርቡሬተሩ ጸድቶ፣ ታይሚንጉ በመለኪያ ከታሰረ፣ ጭነት ይዞ ይህን ተራራ ለሚመላለስ 1.3 ሊትር ሞተር በሊትር ከ11 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ጥሩ ነው። 15 የሚል ሰው ካለ ሜዳ ላይ ባዶውን ነድቷል። የሚለኩትም በጠቋሚው ሳይሆን በአንድ ማደያ፣ በአንድ ፓምፕ፣ እስከ አፉ ሞልተው፣ ደርሰው ተመልሰው፣ እንደገና እስከ አፉ ሞልተው ነው፤ ሁለት ጉዞ ይለኩ። ሁለቱም ከ10 በታች ከሆኑ ሞተሩን ይተዉትና አራቱንም ጎማ በክሪክ አንስተው በእጅ ያሽከርክሯቸው። ተለቅቆ የማይሽከረከር ጎማ ካለ ፍሬኑ ተጣብቋል፤ ያንን በታይሚንግ የሚያስተካክል የለም።